ከዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ኋላ የምትለጠፈው ስም ምን ትሰራለች?

ወሎ ውስጥ ስለ ባህል መድኃኒት የተሰራ ቴሲስ አንስታችሁ ወደ መጨረሻው ብትገልጡ አንድ ረጅም ቴብል ታገኛላችሁ፣ የአካባቢ ስም፣ ሳይንሳዊ ስም፣ ፋሚሊ፣ የትኛው ክፍል እንደሚወሰድ፣ ለምን እንደሚጠቅም። ያንን ቴብል ለመሙላት ልጁ ደላንታ ወጥቷል፣ ቃሉ ወርዷል፣ ባቲ ገበያ ስርና ቅጠል የሚሸጡ እናቶች ጋ ቁጭ ብሏል፣ አዋቂ ነው የተባለ አባት ደጅ ጠንቷል። ሳይንሳዊ ስሙ ጋ ስትደርሱ ግን ከስሙ ኋላ የተለጠፉ ነገሮች አሉ፣ አንዱ ጋ ኤል. ትላለች፣ አንዱ ጋ ሆክስት. ኤክስ ኤንድል. ይላል፣ አንዱ ጋ ቅንፍ አለ፣ አንዱ ጋ ደሞ ምንም የለም። አብዛኛው ሰው ይሄን ከሆነ ቦታ ኮፒ አርጎ ነው የሚለጥፈው፣ ምንድነው ብላችሁ ስትጠይቁት «የሳይንቲስቱ ስም ነው» ብሎ ያልፋል።

ልክ ነው፣ የሰው ስም ነው። ግን ለክብር የተቀመጠ አይደለም፣ እኔ በደንብ ማስረዳት የምፈልገው ይሄን ነው። ያቺ ስም የምትነግረን የላቲኑን ስም ማን አሳትሞ እንዳወጣው ነው፣ እሱን ካወቅን ደሞ በየትኛው መጽሐፍ፣ መቼ፣ የትኛውን የደረቀ ናሙና ይዞ እንዳወጣው ተከታትለን መድረስ እንችላለን። ስለዚ አንድ ፊደል ስትሳሳቱ ወይ ቅንፍ ስትረሱ አንባቢውን ወደ ሌላ ሰው ነው የምትልኩት፣ አንዳንዴም ወደ ሌላ ተክል። ያ ሁሉ መንከራተት ያለፈበት ቴብል እዚች ጋ ሲበላሽ በጣም ነው የማዝነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ስፒሺስ ፕላንታሩም የሚባለውን መጽሐፉን አሳተመ፣ በዛን ጊዜ የሚያውቃቸውን ዕፅዋት በሙሉ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቃል ያለው ስም ሰጥቶ። የዕፅዋት ስም አወጣጥን የሚገዛው ዓለም አቀፍ ኮድም ለአብዛኞቹ ዕፅዋት መነሻ ያደረገው ያንን መጽሐፍ ነው፣ ከዛ በፊት የነበረ ስም አይቆጠርም። ሊኔየስ ብዙ ስም ስላወጣ በአንድ ፊደል ብቻ ይጻፋል፣ ኤል. ይባላል በቃ። ቡና ኮፊያ አራቢካ ኤል. ነው፣ ገብስ ሆርዴዩም ቩልጋሬ ኤል.፣ ጤናዳም ሩታ ቻሌፔንሲስ ኤል.፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የምታዩት አስታ ኤሪካ አርቦሪያ ኤል. ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቡና አገሩ እዚህ ሆኖ ሳለ «የአረብ» ተብሎ ነው የተሰየመው፣ ያናድዳል፣ ግን ስሙ አገሩን ተሳስቷል ተብሎ አይቀየርም። ኤል. የምትለውም ስሙ እውነት ነው እያለች አይደለም፣ ስሙን ያወጣው ሊኔየስ ነው ነው የምትለው።

ለምን አስፈለገ ታዲያ? ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ «ሰይድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ነው የሚዞረው፣ የአባት ስም ሲጨመር ነው የትኛው እንደሆነ የሚለየው። ዕፅዋት ላይም ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ ለሁለት የተለያዩ ተክሎች አንድ አይነት ስም የሚሰጡበት ጊዜ አለ፣ ይሄ በተለይ ዱሮ፣ መጽሐፍ ካገር አገር ለመድረስ ዓመታት በሚፈጅበት ጊዜ ብዙ ይከሰት ነበር።

የኛው ኮሶ ራሱ በዚህ ውስጥ አልፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ ጎንደር ቆይቶ ሲመለስ የጉዞውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1790 ነው፣ እዛ ላይ ኮሶን ስሎ፣ አብራርቶ፣ ጆሴፍ ባንክስን ለማክበር ባንክሲያ አቢሲኒካ ብሎ ሰየመው። ችግሩ ግን የሊኔየስ ልጅ ቀድሞት በ1782 ባንክሲያ የሚለውን ስም ለአውስትራሊያ ዛፎች ሰጥቶት ነበር። ልጅየው ከአባቱ እንዲለይ ኤል.ኤፍ. ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ኤፏ ልጅ ማለት ናት። አሁን «ባንክሲያ» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ የቱን ማለታችሁ ነው? ባንክሲያ ኤል.ኤፍ. ካላችሁ የአውስትራሊያው ነው፣ ባንክሲያ ብሩስ ካላችሁ ኮሶ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ተክል፣ የሚለያቸው ከኋላ ያለው ስም ብቻ። በኮዱ ሁለተኛው ስም ስለማይሰራ በዓመቱ በ1791 ጀርመናዊው ግመሊን ኮሶን ሀጌኒያ በሚባል አዲስ ጂነስ (የሚቀራረቡ ተክሎች ወገን፣ የላቲኑ ስም የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው) ውስጥ አስገባው፣ ዛሬ የምንጽፈውም ሀጌኒያ አቢሲኒካ (ብሩስ) ጄ.ኤፍ.ግመል. ብለን ነው። ጄ.ኤፍ. የምትለዋን አትጣሉ፣ በቦታኒ ታሪክ ውስጥ ከአንድ በላይ ግመሊን አለ።

ቅንፏ መጣች አይደል? እሷን በጤፍ ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ደሞ ጤፍ ላይ መሳሳት ለኛ አይገባም።

የጤፍ ሙሉ ስም ኤራግሮስቲስ ቴፍ (ዙካግኒ) ትሮተር ነው። አቲሊዮ ዙካግኒ የሚባል የፍሎረንስ ሰው በ1775 ስለ ጤፍ ጽፎ ሲያሳትም ፖአ በሚባለው የሳር ጂነስ ውስጥ አስገብቶ ፖአ ቴፍ አለው። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1918 ትሮተር የሚባል ሌላ ጣሊያናዊ «ይሄ እኮ ፖአ አይደለም፣ ኤራግሮስቲስ ነው» ብሎ አዛወረው። ሲዛወር ቴፍ የምትለው ሁለተኛዋ ቃል አብራ ሄደች፣ የተቀየረችው የመጀመሪያዋ ናት። ስለዚ ቴፍ የምትለውን ቃል መጀመሪያ ያሳተመው ሰው ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ አሁን ያለችበት ቦታ ያመጣት ሰው ከቅንፍ ውጪ ይቀመጣል። ቅንፍ ስታዩ «አሃ፣ ይሄ ተክል ከሌላ ቦታ ተዛውሮ ነው የመጣው» ብላችሁ ማንበብ አለባችሁ። ቅንፍ ከሌለ ስሙ መጀመሪያ እንደወጣ ነው ያለው። ማስዋቢያ መስሏቸው ለሁሉም ቅንፍ የሚያለብሱ አሉ፣ ቡናን (ኤል.) ብሎ የሚጽፍ ሁሉ አለ፣ ያ ስህተት ነው፣ ቡና ከተሰየመ ጀምሮ የትም አልተዛወረም።

የቆዩ የእርሻ መጽሐፎች ላይ ደሞ ጤፍ ኤራግሮስቲስ አቢሲኒካ (ጃክ.) ሊንክ ተብሎ ታገኙታላችሁ። ዣካን የሚባለው ሰው ከዙካግኒ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ ያንኑ ጤፍ ፖአ አቢሲኒካ ብሎት ነበር። ሁለቱም አንድ ተክል ስለሆኑ ቀድሞ የታተመው ያሸንፋል፣ ቅድሚያ ለቀደመ ነው ሕጉ። ያ ሽቅድድም ማን እንዳሸነፈው ማወቅ የሚቻለው ኦተሮቹ (ስሙን ያወጡት ሰዎች) ስለተጻፉ ነው፣ ስማቸውን ይዛችሁ ዓመቱን ትፈልጋላችሁ፣ ዓመቱን ስታገኙ ክርክሩ አለቀ።

አሁን ወደ ስህተቱ። በርካታ ጽሑፍ ላይ፣ ትልልቅ ጆርናሎች ላይም ጭምር፣ ጤፍ (ዙክ.) ትሮተር ተብሎ ታጥሮ ታያላችሁ። ማሳጠሩ ተፈጥሯዊ ይመስላል፣ ዙካግኒ ረጅም ስለሆነ ዙክ. አሉት። ግን ዙክ. የሌላ ሰው ምልክት ናት! ዙካሪኒ የሚባል ጀርመናዊ ቦታኒስት አለ፣ ከሲቦልድ ጋር ሆኖ የጃፓንን ዕፅዋት የሰየመው፣ ዙክ. ማለት እሱ ነው። ዙካሪኒ የተወለደው በ1797 ነው። ጤፍ ስሙን ያገኘው በ1775 ነው። ስለዚ (ዙክ.) ብላችሁ ስትጽፉ ያልተወለደ ሰው ጤፍን ሰየመ እያላችሁ ነው። ስህተቱን የሰራው መጀመሪያ ማን እንደሆነ አይታወቅም ግን ከዛ በኋላ ኮፒ ፔስት ተሸክሞት ዞረ፣ አንዱ ካንዱ እየወሰደ። ለጤፍ ዙካግኒ ተብሎ በሙሉ ነው የሚጻፈው፣ አይታጠርም።

ማነው ይሄን የሚወስነው ካላችሁ፣ በ1992 እንግሊዝ ያለው የኪው ሮያል ቦታኒክ ጋርደን ብሩሚት እና ፓወል ያዘጋጁትን የስም ሰያሚዎች ዝርዝር አሳተመ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የተወሰነ አጻጻፍ ተሰጠው፣ ሁለት ሰው አንድ አይነት ምህጻር እንዳይይዝ ተደርጎ። ዛሬ ያ ዝርዝር አይፒኤንአይ በሚባለው ኦንላይን ዳታቤዝ ውስጥ ነው ያለው፣ ኪው፣ ሃርቫርድ እና የአውስትራሊያው ሄርባሪየም (የደረቁ የተክል ናሙናዎች የሚቀመጡበት ቤት) በጋራ የሚይዙት፣ በነጻ ነው፣ ስልካችሁ ላይም ይከፍታል። ከጎረቤት ቴሲስ ከመገልበጥ እዛ ገብቶ አንድ በአንድ ቼክ ማድረግ ነው፣ ደክሟችሁም ቢሆን።

ቅንፉ ከገባችሁ ሌላው ይቀላል። ማሽላ ሶርጉም ባይከለር (ኤል.) ሞንክ ነው፣ ሊኔየስ ሆልከስ ባይከለር ብሎት ነበር፣ ሞንክ በ1794 ወደ ሶርጉም አዛወረው። ቆቦና ቃሉ ያሉ ገበሬዎች ደጋሊት፣ ጅጉርቲ እያሉ የሚለዩዋቸው አይነቶች ግን ሁሉም በዚሁ በአንዱ ስም ስር ናቸው፣ የገበሬው ስም ኮዱ ውስጥ አይገባም፣ ኦተርም አይጻፍለትም፣ ስለዚ ቴብላችሁ ላይ ለብቻው ዓምድ ስጡት እንጂ ከላቲኑ ጋር አታጣብቁት። ኑግ ጊዞሺያ አቢሲኒካ (ኤል.ኤፍ.) ካስ. ነው፣ ልጅየው ሊኔየስ ፖሊምኒያ ውስጥ ነበር ያስገባው፣ ካሲኒ አወጣው። እዚህ ኤፏን ከጣላችኋት ኑግን ከልጅ ወስዳችሁ ለአባት ሰጣችሁ ማለት ነው። ጊዜዋ ዊታኒያ ሶምኒፌራ (ኤል.) ዱናል ነው።

እንሰትም አንድ ነገር ያስተምራል፣ ወሎ ላይ ዋና ምግብ ባይሆንም። ግመሊን በ1791 ሙዛ ኤንሴቴ ብሎ ከሙዝ ጋር ሰይሞት ነበር። ኋላ እንሰት የራሱ ጂነስ ኤንሴቴ ሲባል የግመሊን ቃል ይዛወር ቢባል ኤንሴቴ ኤንሴቴ ሊሆን ነው፣ ቦታኒ ላይ ደሞ ሁለቱ ቃላት አንድ አይነት መሆን አይችሉም፣ እንስሳት ላይ ይቻላል፣ ጎሪላ ጎሪላ ይባላል፣ እኛ ጋ ግን ክልክል ነው። ስለዚ ቬልዊች ለአንጎላ ተክል ያወጣው ቃል ተወስዶ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም (ቬልው.) ቺስማን ሆነ። ከሐበሻው ተክል የመነጨው የግመሊን ቃል በዚህ ምክንያት ቀረ፣ ቅንፉ ውስጥ የሚታየውም አንጎላ ላይ የሰራው ሰው ነው።

የቅርብ ጊዜ መዛወርም አለ። ባዝራ ግራርን ብዙዎቻችን የተማርነው አካሺያ አቢሲኒካ ሆክስት. ኤክስ ቤንት. ብለን ነው (ኤክስ የምትለዋን ቆይቼ አስረዳለሁ)። በ2005 ቪየና ላይ በተደረገው የቦታኒ ኮንግረስ አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ እንዲቀር ተወሰነ፣ በ2011 ሜልበርን ላይ ጸና፣ የአፍሪካዎቹ ግራሮች ቫኬሊያ እና ሴኔጋሊያ በሚባሉ ተከፋፈሉ። በ2013 ክያላንጋሊልዋ እና ቦትራይት ባዝራ ግራርን አዛወሩ፣ ስሙም ቫኬሊያ አቢሲኒካ (ሆክስት. ኤክስ ቤንት.) ክያል. ኤንድ ቦትር. ሆነ። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ቃል ወደ ቫኬሊያ ይቀይርና ኦተሩን ዱሮ እንደነበረ ይተወዋል፣ ያ ደሞ ሁለቱ ሰዎች የሰሩትን ስራ ለሞቱ ሰዎች መስጠት ነው፣ ሆክስቴተርና ቤንታም ቫኬሊያ አቢሲኒካ የሚል ነገር በሕይወታቸው ጽፈው አያውቁም። ቃሏ ከተቀየረች የድሮዎቹ ቅንፍ ውስጥ ይገባሉ፣ አዲሶቹ ውጪ ይቀመጣሉ። የኮንግረሱን ውሳኔ አልወደድኩትም፣ አካሺያ የሚለው ቃል አፍሪካ ላይ ነው የተወለደው ብዬ ነው የማምነው፣ ግን ውሳኔ ውሳኔ ነው፣ ስንጽፍ እሱን ተከትለን ነው።

በነገራችን ላይ የባዮሎጂ ተማሪ ሆናችሁ እንስሳም ዕፅም የምትጽፉ ከሆነ ሁለቱ ደንብ እንዳይደባለቅባችሁ። ጭላዳ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ (ሩፔል፣ 1835) ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ቅንፉ መዛወሩን ይነግራል ግን ያዛወረው ሰው አይጻፍም፣ ዓመት ግን ይገባል። ዕፅዋት ላይ ያዛወረው ሰው የግድ ይጻፋል፣ ዓመት ግን በተለምዶ አይጻፍም።

ቀጥሎ ኤክስ የምትለው ቃል ናት፣ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ላይ ከማንም በላይ የምትበዛው እሷ ናት፣ ለዚህ ደሞ ታሪካዊ ምክንያት አለው።

ጆርጅ ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ በ1837 መጣ፣ እዚሁ ኖሮ በ1878 አድዋ ሞተ። ተክል እየሰበሰበ፣ እያደረቀ፣ በወረቀት እያሸገ ይልካል፣ እስሊንገን ከተማ ላይ ደሞ ሆክስቴተር እና ስቶይደል የሚመሩት ማኅበር ናሙናዎቹን ተቀብሎ ለአውሮፓ ሄርባሪየሞች ያከፋፍላል። ሆክስቴተር ናሙናዎቹን አይቶ ስም ያወጣል፣ ስሙ በታተመ ሌብል ላይ ተለጥፎ ይሄዳል። ሌብል ላይ ስም መጻፍ ብቻውን ግን ስም ማውጣት አይደለም፣ መግለጫ ተጽፎለት መታተም አለበት። ናሙናው የደረሰው ሌላ ሰው የሆክስቴተርን ስም ተቀብሎ፣ መግለጫ ጽፎ፣ በራሱ መጽሐፍ ላይ ያሳትመዋል። ጽድ እንዲህ ነው ስሙን ያገኘው፣ ስሙን ያሰበው ሆክስቴተር ነው፣ በ1847 ያሳተመው የቪየናው ኤንድሊከር ነው፣ ስለዚ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ሆክስት. ኤክስ ኤንድል. እንላለን። ከኮምቦልቻ በላይ የጎፍ ጫካ ውስጥ የሚቆመው ጽድ ይሄው ነው። ዳማከሴም ኦሲሙም ላሚፎሊየም ሆክስት. ኤክስ ቤንት. ነው፣ ብሳና ክሮቶን ማክሮስታኪየስ ሆክስት. ኤክስ ዴሊል ነው፣ በሁሉም ላይ ሆክስቴተር ፊት ነው፣ ያሳተመው ኋላ ነው።

ማሳጠር ካስፈለገ የትኛው ይቀራል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ የኋላውን ይቆርጣል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የተጻፈው ዋናው ይመስላል። ተቃራኒው ነው ልኩ። ስሙ በሕግ የሚሰራው ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ ያሳተመው ሰው መቅረት የለበትም። ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ኤንድል. ብትሉ ትክክል ነው፣ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ሆክስት. ብትሉ ግን አንባቢው የሆክስቴተርን ጽሑፍ ፍለጋ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። እኔ ግን ሁለቱንም ጻፉ ነው የምለው፣ የሆክስቴተር ስም ያለበት ስያሜ የሺምፐርን ናሙና ለመፈለግ ፍንጭ ይሰጣል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ነገር፣ ሄንሪ ሶልት የሚባለው እንግሊዛዊ ወደ አገራችን መጥቶ በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ኋላ ላይ ሮበርት ብራውን የሰራው የዕፅዋት ዝርዝር አለ፣ እዛ ላይ ያሉ ብዙ ስሞች ግን መግለጫ የላቸውም፣ ራቁታቸውን የታተሙ ናቸው። እንዲህ አይነት ስም ቢታተምም አይቆጠርም፣ ሌላ ሰው ኋላ ላይ መግለጫ ሲጽፍለት ነው የሚቆጠረው፣ ያኔ አር.ብር. ኤክስ እገሌ ይባላል።

አሁን ልብ የሚነካው ነገር፣ ናሙናውን የሰበሰበው ሰው ኦተር ውስጥ የለም። አሺል ሪሻር የሚባለው ፈረንሳዊ፣ ኤ.ሪች. ተብሎ የምታዩት፣ ስለ ሐበሻ ዕፅዋት ትልቅ መጽሐፍ ከ1847 እስከ 1851 አሳትሟል። ተክሎቹን የሰበሰቡለት ካርታን-ዲሎን እና ፔቲ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ናቸው፣ ሁለቱም እዚሁ አገር ቀሩ፣ ፔቲን ዓባይን ሲሻገር አዞ ነው የወሰደው። አንዳንዱ ስም ላይ ካርታን-ዲሎን ከሪሻር ጋር ተጠቅሷል፣ አብዛኛው ላይ ግን ኤ.ሪች. ብቻ ነው። መንገዱን ያሳዩዋቸው፣ ስሙን የነገሯቸው፣ ምን እንደሚያክም ያስረዷቸው ያገሬው ሰዎች ደሞ ጭራሽ አይታዩም። ኦተር ማለት ተክሉን ያገኘ ወይ ጥቅሙን ያወቀ ማለት አይደለም፣ በፍጹም። እንዶድ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ል.ኤር. ነው፣ ሌሪቲየ የሚባል ፈረንሳዊ ነው ስሙን ያወጣው፣ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በ1964 ያገኙት ግን አክሊሉ ለማ ናቸው፣ በሱ ልብስ ያጠቡ የነበሩት ደሞ ስንትና ስንት ዘመን የቆዩ እናቶቻችን ናቸው። ለዛ ነው ቴብላችሁ ላይ የነገራችሁን ሰው አካባቢ፣ ፈቃዱን ካገኛችሁም ስሙን፣ በሌላ ቦታ እንድታስቀምጡ የምለምናችሁ፣ ኦተር የሚባለው ቦታ ለዛ አልተሰራም።

ሌላ የሚደባለቅ ነገር፣ ስሙ ውስጥ ያለው ሰውና ከስሙ ኋላ ያለው ሰው። የደጋው ጦስኝ ታይመስ ሺምፐሪ ሮኒገር ይባላል። ሺምፐር የተከበረበት ነው፣ በሱ ስም ተሰየመለት፣ ስሙን ያወጣው ግን ሮኒገር ነው። ሰው ራሱን አክብሮ ተክል አይሰይምም፣ ስለዚ ሺምፐሪ የሚል ካያችሁ ኦተሩ ሺምፐር ሊሆን አይችልም ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም። የሰሜኑ ሌላኛው ጦስኝ ታይመስ ሴሩላተስ ሆክስት. ኤክስ ቤንት. ነው፣ ገበያ ላይ ሁለቱም ጦስኝ ስለሚባሉ ናሙና ሳትይዙ «ጦስኝ» ብሎ የነገራችሁን ሰው አምናችሁ አንዱን እንዳትጽፉ።

እስካሁን ያልነውን ሁሉ በአንድ ላይ ለማየት አደይ አበባን እናንብብ። ባይደንስ ማክሮፕቴራ (ሽ.ቢፕ. ኤክስ ኪዮቭ.) መስፍን። ከቅንፉ ግቡ። ሽ.ቢፕ. ካርል ሃይንሪክ ሹልትስ ነው፣ ወንድሙም ሹልትስ የሚባል ቦታኒስት ስለነበር ከከተማው ከጽቫይብሩከን የላቲን ስም የተወሰደች ቢፕ. ተጨመረችለት፣ ከሱ ጋር እንዳይምታታ። እሱ ስሙን አሰበው። ኤክስ፣ አላሳተመውም። ኪዮቭ. ጣሊያናዊው ኤሚልዮ ኪዮቬንዳ ነው፣ እሱ አሳተመው፣ ግን በሌላ ጂነስ ውስጥ። ቅንፉ ተዘጋ፣ ማለትም ከዛ ተዛወረ። ማን አዛወረው? መስፍን፣ መስፍን ታደሰ። ከጀርመን ተነስቶ በጣሊያን በኩል አልፎ ኢትዮጵያዊ እጅ ላይ የደረሰ ስም ነው፣ ይሄን ሁሉ ታሪክ የያዙት እነዛ የምትዘሏቸው ጥቂት ፊደላት ናቸው።

መስፍን ብቻ ነው የሚባለው፣ ታደሰ አይባልም፣ ይሄን አስምሩበት። ፈረንጅ በቤተሰብ ስም ነው የሚጠራው፣ እኛ በራሳችን ስም ነው፣ የቦታኒ ዝርዝርም ይሄን አክብሮ መስፍን፣ ሰብስቤ፣ እንሰርሙ እያለ በመጀመሪያ ስም ነው የያዛቸው። ለሬፈረንስ ሊስት የምትጠቀሙበት ሶፍትዌር ግን የአባት ስም ወደፊት ያመጣል፣ ከዛ ለምዶባችሁ ኦተሩን ሰብስቤ ደምሰውንም «ደምሰው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ወሎ ላይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለን፣ አሎዬ ዌሎኤንሲስ ሰብስቤ፣ በወሎ ስም የተሰየመ ሬት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው ያወጡት፣ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የሚባለውን ብዙ ቅጽ ያለው ስራ ካዘጋጁት አንዱ። ቅንፍ የለውም፣ ኤክስ የለውም፣ ራሳቸው አይተው፣ ራሳቸው ገልጸው፣ ራሳቸው አሳትመውታል። የሬት ስም ስትጽፉ ሁሉን ሬት አሎዬ ቬራ እያላችሁ አትለፉ፣ እዚህ ተራራችን ላይ ያለው የራሱ ስም አለው። በነገራችን ላይ ፍሎራው ውስጥ ደብሊው ዩ የሚል ምልክት ካያችሁ የወሎ ደጋ ማለት ነው፣ ያገኛችሁት ተክል ወሎ ላይ መኖሩ ተመዝግቦ እንደሆነ በሱ ታያላችሁ።

ወይራ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል ምክንያቱም ሰብስፒሺስ (ንዑስ ዝርያ) አለው። ኦሌያ ዩሮፓያ ኤል. ሰብስፕ. ኩስፒዳታ (ዎል. ኤንድ ጂ.ዶን) ሲፍ. ነው ሙሉው፣ የድሮ መጽሐፍ ላይ ኤንድ የምትለው ቦታ ኤክስ ታገኛላችሁ። ዋናው ግን ዩሮፓያ የራሷ ኦተር አላት፣ ኩስፒዳታም የራሷ አላት፣ ሁለቱን አታቀያይሩ። የሜዲትራንያኑ ኦሌያ ዩሮፓያ ኤል. ሰብስፕ. ዩሮፓያ ሲሆን ግን ከመጨረሻው ቃል ኋላ ምንም አይጻፍም፣ ቃሉ ሲደገም ኦተር አይደገምም።

የቀሩት ትንንሽ ናቸው። የላቲኑ ስም ያዘነብላል፣ የኦተሩ ስም አያዘነብልም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚጻፈው። በኤ. እና በሪች. መሀል ክፍተት አይገባም። ምህጻሩን ራሳችሁ አትፍጠሩ፣ ረጅም ነው ብላችሁ አታሳጥሩ፣ አጭር ነው ብላችሁም አትዘርጉ። ኤክስ እና ኢን የተለያዩ ናቸው፣ ኢን ማለት ሰውየው ራሱ ገልጾ ሌላ ሰው ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ አሳተመ ማለት ነው፣ ከኢን በኋላ ያለው የኦተሩ አካል ስላልሆነ ቴብል ላይ ብታስቀሩት ምንም አይጎድልም። ኦተሩንም በየመስመሩ አትደጋግሙ፣ ኮዱም የግድ አይልም፣ ተክሉ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ወይ በቴብሉ ውስጥ አንድ ጊዜ በትክክል ከተጻፈ በቂ ነው፣ ከዛ በኋላ ሀጌኒያ አቢሲኒካ ብላችሁ፣ ወይ ኮሶ ብላችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ቴብሉን ለአድቫይዘር ከመላካችሁ በፊት ግን ቅንፍ ያላቸውን ብቻ ለይታችሁ አውጡና አይፒኤንአይ ላይ አንድ በአንድ እዩዋቸው፣ አብዛኛው ስህተት የሚገኘው እነሱ ጋ ነው፣ ጤፍ ካለ ከሱ ጀምሩ።